«ለኡናሃፑሉዋም ልጇ ዕንቁ ናት»፤ ይህን በአማርኛ እንዴት ልጻፈው?

ብርቱካን ዘኩዌት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር አላስተኛ ብሎኛል። አብራኝ የምትሠራ የስሪላንካ ልጅ አለች። ሴት ልጇን ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። ማታ ማታ በስልክ ታያታለች። በቀደም ልጅቷ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አሳየችኝ። «ስታምር!» አልኳት። እሷም በሲንሃላ አንድ ተረት ተናገረች። በምንግባባበት አረብኛ ስታስረዳኝ፣ «ለኡናሃፑሉዋ እንኳ ልጇ ዕንቁ ናት» ማለት ነው።
የኡናሃፑሉዋን ፎቶም አሳየችኝ። በሁለት መዳፍ የምትገባ፣ ዓይኗ ፊቷን የሞላው፣ እጅ እግሯ ስንደዶ የሚያህል፣ ጭራ የሌላት። ሌሊት ብቻ ነው ከዛፍ ዛፍ የምትሄደው። ለልጅቷ ልደት ካርድ በሲንሃላና በአማርኛ ማዘጋጀት አሰብኩ። «ለጦጣም ልጇ ዕንቁ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው ስድብ መሰለኝ። ምን ልበል?

የቆሎ ተማሪ፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ጦጣ አይሆንም። ሰውን «ጦጣ ነው» ስንል ብልጥ ነው፣ አይጨበጥም ማለታችን ነው። ያቺ እንስሳ ደግሞ ከገጽታዋ ዓይናፋር ናት። ዝንጀሮም አትበይ። «ቀድሞ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ከተባለ በኋላ ዝንጀሮ ካርድ ላይ አትገባም። ከግእዙ ተነሺ። ግእዙ ሆባይ ይላል። ትግርኛው እስከ ዛሬ ህበይ ነው።

ዘሐይፋ፦
እዚህ እስራኤል ጦጣን ቆፍ ይሏታል። ዳዊት የደገመ ሁሉ ቆፍን ያውቃታል። መዝሙር 118 ላይ የዕብራይስጡን ፊደላት አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ ይወርድና ቆፍ ይደርሳል። የእኔ እምነት ፊደሏ ከጦጣዋ ስሟን ወሰደች ነው። ቅርጿን ተመልከቱ፤ ራስና የተንጠለጠለ ጭራ። ደግሞ 1ኛ ነገሥት 10፥22ን አንብቡ። የሰሎሞን መርከቦች በየሦስት ዓመቱ ዝንጀሮ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ዕብራይስጡ ቆፊም ነው። እዚያው ያለው የወፏ፣ የፒኮኳ ስም፣ ቱኪ የሚለው፣ ከታሚል ቋንቋ የመጣ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ታሚል ደግሞ ስሪላንካም ይነገራል። ስለዚህ ብርቱካን የጠየቀችው ነገር ከሰሎሞን ዘመን የቆየ ነው።

የዜማ ቤት፦
ወንድሜ ዘሐይፋ፣ ቀስ በል። እኔ ዳዊት የደገምኩት በ7 ዓመቴ ነው፣ ያስተማሩኝ የኔታም ቆፍን ጦጣ ብለው አላስተማሩኝም። የፊደሏን ስም ማጅራት የሚሉ አሉ፣ የመርፌ ዓይን የሚሉም አሉ። የእኛዋ ቀ ደግሞ ቃፍ ናት። ጭራ ስላላት ጦጣ ከሆነች፣ ጭራ የሌላት ኡናሃፑሉዋ በየት በኩል ገባች?

ዘሐይፋ፦
አባቴ፣ ያልኩት ስለ ፊደሏ ነው፣ ስለ ኡናሃፑሉዋ አይደለም። የማጅራቱንም ሐሳብ አውቀዋለሁ። ግን ማጅራት ይህን የሚመስለው የማን ማጅራት ነው?

የደን ልጅ፦
ፊደሉን ትንሽ እንተወውና ወደ እንስሳዋ እንምጣ፤ ሥራዬ ስለሆነ ያንገበግበኛል። ኡናሃፑሉዋ የሚባለው ሎሪስ ነው። ጦጣም ዝንጀሮም ጉሬዛም አይደለም። ለማዳጋስካሮቹ ሌሙሮችና ለእኛዎቹ ጋላጎዎች ይቀርባል። ጋላጎ በስምጥ ሸለቆና በደቡብ ግራሮች ላይ ሌሊት ሲዘል ይታያል። ሎሪስ ግን አይዘልም። ቅርንጫፉን በአራት እጁ ጨብጦ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሄደው።
በደቡብ ምዕራብ ስሪላንካ እርጥብ ደኖች፣ እንደ ሲንሃራጃ ባሉት፣ የምትኖረው ቀይዋ ሎሪስ 200 ግራም እንኳ አትሞላም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት መዝግቧታል። ነገሩ ከእኛም ጋር ይያያዛል። እንግሊዞች በስሪላንካ ደጋ ደኑን መንጥረው የእኛኑ ቡና ተከሉ። ከ1869 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቅጠል ዋግ ቡናውን ሲጨርሰው ሻይ ተተካ። ሲሎን ሻይ የምንለው ማለት ነው። ደኑ ተቆራረጠ። ሎሪስ መሬት ወርዳ ሜዳ ማቋረጥ አይሆንላትም፤ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ካልተነካካ መንገዷ ተዘጋ። የሆርተን ፕሌንስ ደጋ ሎሪስ ከ60 ዓመት በላይ ሳትታይ ቆይታ ጠፍታለች ተብሎ ነበር። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ለአፍታ ታየች። ፎቶዋ ይፋ የሆነው በ2010 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያን ፎቶ ሳይ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።
ለተረቱ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። እናቲቱ ልጇን ለጥቂት ሳምንት ሆዷ ላይ አጣብቃ ትዞራለች። ከዚያ በኋላ ሌሊት ቅርንጫፍ አስይዛ ትተዋትና ነፍሳት ፍለጋ ትሄዳለች። ቆይታ ተመልሳ ትወስዳታለች።

ብርቱካን ዘኩዌት፦
ወይኔ! ትታት ነው የምትሄደው? ይህን ለጓደኛዬ እንዴት ብዬ ልንገራት።

አራት ዓይና፦
ስሙን ከራሳችን እናውጣ። ባት የሚሏትን እኛ የሌሊት ወፍ አልናት። ወፍ ናት? አይደለችም። ግን ስሙ ገብቶናል። እንደዚያው «የሌሊት ጦጣ» እንበላት። የደን ልጅ እንዳለው ጦጣ ባትሆንም፣ የሌሊት ወፍም ወፍ አይደለችም።

የቆሎ ተማሪ፦
ጥሩ ብለሃል፣ ግን የሌሊት ወፍ ስም አጥፍቷል። ግብር ሲጠየቅ ለወፎቹ «አይጥ ነኝ»፣ ለአይጦቹ «ወፍ ነኝ» ያለችው እሷ ናት። «የሌሊት» ሲባል ያ ወላዋይነት ይከተላል። «የደን ጦጣ» ይሻላል።

አራት ዓይና፦
ደን የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። የሚለካ፣ ጥበቃ የሚቆምለት ነው። ተረት ውስጥ ዱር ነው የሚባለው።

የቆሎ ተማሪ፦
ዱር ዛፍ ባይኖረውም ዱር ነው። ሰው የሌለበት ሁሉ ዱር ነው። አርበኛው «ዱር ቤቴ» ብሎ ሲወጣ ገደሉንም ሜዳውንም ይጨምራል። ይቺ ግን ዛፍ ከሌለ የለችም።

ደቡባዊት፦
ጫካስ? እኛ ጋ ልጆች ሆነን ቡና ስንለቅም የሰማነው የሌሊት ድምፅ ሁሉ የጫካ ነበር።

አራት ዓይና፦
ጫካ ሰው የሚደበቅበት ነው። «ጫካ ገባ» ሲባል ሸፈተ ነው።

የዜማ ቤት፦
ልጆቼ፣ ዳዊትን ተከተሉ። መዝሙር 103 ጨለማ ሆኖ ሌሊት ሲሆን የሚወጡትን «አራዊተ ገዳም» ይላቸዋል። ገዳም እዚያ መነኮሳት ያሉበት አይደለም፤ ዱርም ጫካም ነው። መነኮሳቱ ወደዚያ ስለሄዱ ነው ቦታቸው ገዳም የተባለው። ሌሊት ነቅታ፣ ዝም ብላ፣ ቀስ ብላ የምትሄድ ፍጥረት «ዘገዳም» ብትባል ይገባታል።

የደን ልጅ፦
የኔታ፣ ይህን ወደድኩት። ፈረንጁም ያየው ያንኑ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ በ1754 (እ.ኤ.አ.) ሌሙር የሚለውን ስም ያወጣው መጀመሪያ ለዚችው ለሎሪስ ነው። ሌሙሬስ በላቲን የሙታን መናፍስት ናቸው። ሌሊት ስለምትዞርና በዝግታ ስለምትራመድ ነው ብሏል። እሱ መንፈስ አላት፣ እርስዎ መናኝ አደረጓት። የእርስዎ ይበልጣል።

ደቡባዊት፦
እኔ ግን አራዊት የሚለው ልጅን ያስፈራል ብዬ አስባለሁ። ካርዱ የልጅ ነው።

ዘሐይፋ፦
አረቦቹ እኮ «ቂርድ በእናቱ ዓይን ገዛል ነው» ይላሉ። ጦጣ በእናቱ ዓይን ሚዳቋ ነው እንደማለት። ብርቱካን ኩዌት ሆና ይህን ሳትሰማ አትቀርም።

ብርቱካን ዘኩዌት፦
ሰምቻለሁ፣ ሰው ለማብሸቅ ሲሉት ነው የሰማሁት። የጓደኛዬ አነጋገር ግን እንደዚያ አልነበረም። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ነው ያለችው።
ካርዱ ዛሬ ማታ መላክ አለበት። ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ኡናሃፑሉዋ የሚለውን በፊደላችን እንዳለ ትቼዋለሁ። ከሥሩ «ሌሊት ልጇን ቅርንጫፍ አስይዛ የምትሄድ፣ ተመልሳም የምትወስዳት» ብዬ ጻፍኩ። ዕንቁን ግን በዐይኑ ዕ ነው ወይስ በአልፋው እ?

የቆሎ ተማሪ፦
በዐይኑ ዕ። ይህማ አያከራክርም።

አራት ዓይና፦
ያከራክራል እንጂ! ዛሬ ጋዜጣው ሁሉ በእ ነው የሚጽፈው።

ዘሐይፋ፦
የዜማ ቤት፣ የማጅራቱን ነገር ገና አልመለሱልኝም።