ውስጥ እግርን የሚደግፍ ሶል ልሠራ ነው፤ ቅስቱ ስንት ሚሊ ይሁን?

ሸራ ተራ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መርካቶ ሸራ ተራ ጫማ ነው የምሠራው። የወንድም የሴትም፣ ባብዛኛው ቆዳ። ሰሞኑን ከደንበኞቼ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉት በዝተዋል። ነርሶች፣ አስተናጋጆች፣ አስተማሪዎች፣ በር ላይ የሚቆሙ ጥበቃዎች። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዛቸውን ይወጋቸዋል፣ ትንሽ ሲራመዱ ይለቃቸዋል፣ ማታ ደግሞ ይመለሳል።

ገበያው ላይ መሃሉ ከፍ ያለ ተነቃይ የውስጥ ሶል ሞልቷል። ግማሹ ሰው ሲመርቀው ይውላል፣ ግማሹ «ይቆረቁረኛል» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። እኔ ያሰብኩት ድጋፉን ከጫማው ጋር አብሬ ልሠራው ነው። ቅስቱ ስንት ሚሊ ይሁን? ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል? ለስላሳ ስፖንጅ ነው ወይስ ጠንከር ያለ ነገር የሚያስፈልገው? ደግሞ ስኳር ያለባቸው አንዲት እናት ጫማ አዘውኛል፣ እግራቸው ይደነዝዛል። ለእሳቸው የተለየ ነገር አለ? የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ። «ሐኪም ጠይቅ» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ።

ፊዚዮ፦

ወንድሜ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ከሚሊው አትጀምር።

እግር ውስጥ 26 አጥንት አለ። ተገጣጥመው ቅስት ይሠራሉ። ቅስቱን ከታች ወጥሮ የያዘው ከተረከዝ ተነስቶ ጣቶች ሥር የሚደርስ ጠንካራ ጅማት ነው፤ ቀስትና አውታር በለው። ስትራመድ ተረከዝህ ተነስቶ ጣቶችህ ወደ ላይ ሲታጠፉ ጅማቱ ይወጠርና ቅስቱን ያነሳዋል፣ እግርህም ጠንክሮ ወደ ፊት ይገፋሃል። ካላመንክ ቆመህ ሌላ ሰው አውራ ጣትህን ወደ ላይ ያንሳልህ፣ ቅስትህ ከፍ ሲል ታየዋለህ። ደንበኞችህን ጠዋት የሚወጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ጅማት ተረከዝ ላይ የተያያዘበት ቦታ ነው። ሌሊት ሙሉ ላልቶ አድሮ በመጀመሪያው እርምጃ በአንዴ ሲወጠር ያማል።

አሁን ወደ ሶሉ። ሰው ሁሉ ቅስቱን ወደ ላይ መግፋት ይመስለዋል፣ ዋናው ሥራ ግን ክብደቱን ማካፈል ነው። ጠፍጣፋ ሶል ላይ ስትቆም ሸክሙ ተረከዝና ጣቶች ሥር ላይ ይከመራል፣ መሃሉ ሥራ ፈት ነው። በቁጥር እንየው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ ሶሉን የሚነካው ቦታ 70 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በአማካይ 1 ኪሎ ያርፋል። መሃሉን ሞልተህ የሚነካውን ቦታ ወደ 100 ብታደርሰው 700 ግራም ይሆናል። ሰውየው አልከሳም፣ እግሩ ግን ቀለለው። ከልክ በላይ ከፍ ካደረግከው ደግሞ ሸክሙ ዞሮ እዚያችው እብጠት ላይ ይከመራል። «ይቆረቁረኛል» የሚሉህ ለዚህ ነው። የገበያው የውስጥ ሶል ለሁሉም እግር አንድ ከፍታ ነው ያለው፣ የሰው እግር ግን አንድ አይደለም።

ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን ሚሊ የለም፤ የራሱ እግር እስኪሞላ ነው። ከፍተኛው ነጥብ የት እንደሚያርፍ ደግሞ ከቁመቱ በላይ ወሳኝ ነው። ብዙ ሠሪዎች ወደ ፊት ያስጠጉታል፣ አውራ ጣት ሥር ሊደርስ ምንም አይቀረው። ትክክለኛው ቦታ ወደ ተረከዝ ይቀርባል፣ ከቁርጭምጭሚቱ የውስጥ አጥንት ትንሽ ፊት ለፊት። ከዚያ ወደ ጣቶች ሲሄድ ቀስ እያለ ይውረድ።

ተረከዙን ደግሞ ጎድጎድ አድርገው፣ ዙሪያው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ከፍ ይበል። ተረከዝ ሥር ያለው ስብ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ያ ስብ በነጻ የተሰጠን ስፖንጅ ነው፣ ካልተበተነ ከማንኛውም ፎም ይበልጣል።

ለስላሳ ስፖንጅ ብቻውን አይሆንም። ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩት ደስ ይላል፣ ክብደት ሲያርፍበት ግን ታች ይነካና የለም ማለት ነው። ከሥር ኢቫ የሚባለው ጠንከር ያለ ፎም፣ በጥንካሬ መለኪያው ከ35 እስከ 50 ሾር የሚሆን። ከላይ 3 ሚሊ ገደማ ለስለስ ያለ ፖሊዩረቴን ፎም። ኢቫ በጊዜ ብዛት ተጨፍልቆ ይቀራል፣ ጥሩ ፖሊዩረቴን ደጋግሞ ይመለሳል።

ባዶ እግር፦

ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው? አባቶቻችን በባዶ እግራቸውና በበረባሶ አገር አቋርጠዋል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በየትኛው ሶል ነው? እግርን ያሰነፈው ጫማ ነው፤ ተዉት ይጠንክር።

ባለፎርማው፦

@ባዶ እግር፣ አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2፡15፡16 ገባ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2፡12፡11 ገባ። ስለዚህ በአበበ አንከራከር። በባዶ እግሩ ያደገ ሰው የእግሩ ጡንቻ እንደሚጠነክር እኔም አልክድም። ግን እሱ የሚረግጠው ሣርና አፈር ነው፣ እግሩም በየእርምጃው አረጋገጡን ይቀይራል። ነርሷ ሴራሚክ ወለል ላይ ነው የምትውለው፣ ያውም አንድ ቦታ። በቀይ አፈር አገር በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ እንደሚያመጣም አትርሳ።

@ሸራ ተራ፣ ፊዚዮው ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን እኔና አንተ የምናውቀውን አንድ ነገር አልነገረህም። ፎርማህ፣ ማለት ቆዳውን የምትወጥርበት የእግር ቅርጽ፣ ምን ዓይነት ነው? ሸራ ተራ ያለው ፎርማ አብዛኛው ለቀጭን የውስጥ ሶል የተቆረጠ ነው። እዚያ ላይ 6 ሚሊ ፎም ስትጨምር እግሩ ወደ ላይ ይገፋና የላይኛው ቆዳ ጣቶችንና የእግሩን ጀርባ ይጨቁናል፣ ተረከዙም ከጫማው ይወጣል። ከታች ያስታገስከውን ሕመም ከላይ ሰጠኸው። ስለዚህ ቆዳውን ከመወጠርህ በፊት የውስጥ ሶሉን ፎርማው ሥር አስረህ አብረህ ወጥረው። ቦታው ያኔ ራሱ ይወጣል። ፎርማው በጣም ጠባብ ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ ከማድረግ ወርዱ ሰፊ የሆነውን ፈልግ፤ ቁጥር ስትጨምር ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ አብሮ ይሸሻል።

ከዛ የውጪውን ሶል እይ። ጫማውን በሁለት እጅህ ያዝና እንደ ፎጣ ልትጨምቀው ሞክር። መሃሉ ከተጠማዘዘ ውስጥ ያስገባኸው ቅስት ዋጋ የለውም፣ ሲረገጥ አብሮ ይወርዳል። ጥሩ ጫማ የሚታጠፈው ጣቶች ሥር ብቻ ነው። ለዚህ ነው በውስጥና በውጪው ሶል መሃል ከተረከዝ እስከ ቅስቱ ጫፍ ቀጭን ብረት የሚገባው። ወጪ ለመቀነስ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው፤ ገዢው ስለማያየው።

ታኮ ላይም ጠንቀቅ በል። ከፍ ባለ ቁጥር ሸክሙ ወደ ጣቶች ሥር ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሰው እኔ ከ2 ሴንቲ ብዙም አላልፍም።

የቦሌዋ፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ ውስጥ እግሯ ፍጹም ጠፍጣፋ ነው። አያቷ «ቅስት ያለው ጫማ ግዙላት» እያሉ አስጨነቁኝ። ላሠራላት?

ፊዚዮ፦

@የቦሌዋ፣ አይዞሽ። በዚህ ዕድሜ ጠፍጣፋ መሆኑ የተለመደ ነው። ቅስቱ እያደጉ ነው የሚወጣው፣ እስከ 10 ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል። በጣቶቿ እንድትቆም አድርጊያትና ከኋላ እዪ። ያኔ ቅስት ከታየ እግሯ ተጣጣፊ ነው፣ ሕመም እስከሌላት ድረስ ምንም አያስፈልጋትም። ካመማት፣ ከተነጫነጨች፣ ወይም በጣቷ ቆማም ቅስቱ ካልወጣ አሳያት። ለእማማ ሰላምታ በይልኝ።

ዱባይ ሆቴል፦

እኔ ተጠቃሚ ነኝ እንጂ ባለሙያ አይደለሁም። በየቀኑ እብነ በረድ ላይ ነው የምቆመው። የተረከዜን ሕመም ለሚያየኝ ባለሙያ ውድ በልክ የሚሠራ ሶል ይሠራልኝ ስለው፣ መጀመሪያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሞክር ብሎ መለሰኝ፤ ለተረከዝ ሕመም በጥናትም ያን ያህል ልዩነት አልተገኘም አለኝ። ከእሱ ጋር ባትን መሳብ፣ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ደግሞ ጣቶቼን ወደ ራሴ ስቦ መያዝ አዘዘኝ። እውነት ለመናገር ከሶሉ እኩል የረዳኝ እሱ ነው። ሸራ ተራ፣ ጫማውን ስትሸጥ ይሄንን በቃል ንገራቸው፣ ነጻ ነው።

ሸራ ተራ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። የብረቷ ነገርማ እኛም ሰፈር ያው ናት። የእናትየዋን ጥያቄ ግን ማንም አልነካልኝም። ሌላ ደግሞ፣ አንዳንዶቹ ተረከዝ ሳይሆን ጣቶች ሥር ነው የሚያቃጥላቸው። ለእነሱስ?

የድሮ ቴክኒሻን፦

ልጄ፣ የእናትየዋን እኔ ልመልስልህ። አለርት ሆስፒታል ጫማ ክፍል ሠርቻለሁ። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነው። በሥጋ ደዌም በስኳርም የእግር ነርቭ ሲደነዝዝ የሚመጣው ጣጣ አንድ ነው። ድሮ ሰው በሽታው ሥጋውን የሚያበሰብሰው ይመስለው ነበር። ፖል ብራንድ የሚባለው የሥጋ ደዌ ቀዶ ሐኪም ግን ቁስሉን የሚያመጣው ሰውየው ሳይሰማው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚያርፈው ጫና መሆኑን አሳየ። እኔና አንተ ሲያመን ሳናውቀው ማነከስ እንጀምራለን፣ እሳቸው ግን አያነክሱም። እዚያው ላይ ይረግጣሉ።

ስለዚህ እሳቸውን «ይመችዎታል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሁልጊዜም «ተመችቶኛል ልጄ» ነው የሚሉህ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱና እግራቸው ይታይ። 10 ግራም በምትጫን ቀጭን የናይለን ክር ነክተው ስሜቱ የት እንደጠፋ ይነግሩሃል። «ሐኪም ጠይቅ» አትበሉኝ ብለሃል፣ አንብቤያለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልምርህም።

ሶሉን በተመለከተ፣ ለእሳቸው ጠንካራ ቅስት አታስገባ። በጀሶ ቅርጹን ውሰድና መላ ውስጥ እግራቸውን እኩል የሚነካ አድርገው። እኛ የምንጠቀመው ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ለስላሳ ጎማ ነበር፣ 15 ሾር ገደማ፤ ከሥሩ ጠንካራ የውጪ ሶል። ባለሙያዎች መለኪያ ካላቸው በጫማው ውስጥ ከፍተኛው ጫና ከ200 ኪሎ ፓስካል በታች እንዲሆን ነው የሚፈልጉት፣ ማለትም በካሬ ሴንቲ 2 ኪሎ ገደማ፤ ወይም ከበፊቱ ቢያንስ በ30 በመቶ እንዲቀንስ።

ሚስማር በፍጹም፤ በማስቲሽና በስፌት ብቻ። ከውስጥ ጣቶቹ አካባቢ ስፌት አይኑር። ልኩን ከሰዓት በኋላ ውሰድ፣ እግር ያብጣላ። መጀመሪያ ቀን ጥቂት ብቻ አድርገውት ያውልቁና ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ውስጥ እግራቸውን ይይላቸው። ቶሎ የማይጠፋ መቅላት ካለ ጫማውን መልሰህ አስተካክል። ከማጥለቃቸው በፊት ደግሞ ሁልጊዜ እጃቸውን አስገብተው ይዳብሱ። ጠጠር ይዘው ቀኑን ሙሉ የሚውሉ ሰዎች አይቻለሁ።

ሸራ ተራ፦

ጋሼ እጅዎን ይባርከው። ይሄንን አትሜ ግድግዳዬ ላይ ነው የምለጥፈው። የጣቶች ሥሩስ?

የድሮ ቴክኒሻን፦

እሱ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ከውጪ ነው፤ ሶሉን የማይታጠፍ አድርገህ ከፊት ወደ ላይ ማንሳት። መነሻው ከተረከዝ ሲለካ ከጫማው ርዝመት ከ55 እስከ 60 በመቶ ላይ ይሁን። ሰውየው ጣቱን ሳያጥፍ ተንከባሎ ያልፋል። መልኩ አያምርም፣ ደንበኛህ ካልታመመ አይገዛህም።

ሌላው ቀላሉ፣ ትንሽ የእንባ ቅርጽ ያላት ትራስ ውስጥ ማስገባት ነው። እዚህ ጋ ነው ሁሉም የሚሳሳተው። ትራሷን የሚያመው ቦታ ላይ አትለጥፋትም፤ ከኋላው ነው፣ ወደ ተረከዝ በኩል። የሚያመውን አጥንት የምታሳርፈው ከኋላው ያለውን ሥጋ በመደገፍ ነው። ጠቡ በ5 ሚሊ ነው፣ ወደ ፊት ካለፈች ትብሳለች።

ባለፎርማው፦

ለዚያች 5 ሚሊ እኔ የምጠቀመው ሊፕስቲክ ነው። የሚያመውን ነጥብ ራሱ ደንበኛው በጣቱ ይጫንና ያሳይሃል፣ እዚያ ላይ ሊፕስቲክ ትቀባለህ፣ ጫማ ውስጥ ይረግጣል፣ ምልክቱ የውስጥ ሶሉ ላይ ይቀራል። ትራሷ ከምልክቱ ኋላ ትገባለች። መጀመሪያ ግን ማስቲሽ አታድርግባት፣ በፕላስተር ብቻ ይዘህ ሱቅ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይበልባት።