ኤሲው ከሰዓት በኋላ የሚደክመው ጋዝ አንሶት ነው?

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)
በመኝታ ክፍላችን ያለው ባለ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኤሲ ሌሊትና ጠዋት ደህና ያቀዘቅዛል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ የውጪውን ክፍል ፊት ለፊት ስታገኘው ግን፣ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚያዞረው ሞተር) ጥቂት ሠርቶ ይቆማል፤ እንደገና ሊነሣ ሲል ያጉረመርምና «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ባለሙያው ጋዝ እንሙላ ይለኛል፤ ባለፈው ዓመትም ተሞልቶ ነበር። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ላረጋግጠው የምችለው ነገር አለ?

መልስ
ጋዙ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ በዝግ መስመር ውስጥ የሚዞር ስለሆነ፣ ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ያንን ቦታ በሳሙና አረፋ ሳይፈልጉ በየዓመቱ መሙላት፣ በእኔ አስተያየት፣ ጥገና ሊባል አይገባም። ደግሞም ጋዝ ያነሰው ኤሲ ጠዋትም ይደክማል፣ ብዙ ጊዜም ቱቦው ላይ በረዶ ይይዛል። ጠዋት ለሩብ ሰዓት ያህል ካሠሩት በኋላ ወደ ውስጡ ክፍል የሚገባውንና የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ጋዙን ይተዉት።
እኔ የምጠረጥረው የውጪውን ራዲያተር ነው። የእነዚህ ማሽኖች አቅም የሚለካው የውጪው ሙቀት 35 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ የእኛ ግንቦትና ሰኔ ከዚያ ያልፋል፣ በጋለ ግድግዳ ሥር ያለው አየርማ ይብሳል። በዚያ ላይ አቧራ ከደፈነው ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። ብሬከሩን አጥፍተው በቀስታ በሚወርድ ውሃ ይጠቡት፤ ኃይለኛ ግፊት የራዲያተሩን ስስ የብረት ቅጠሎች ያጣምማል። ጥላ ቢያበጁለት መልካም ነው፣ የአየር መውጫውን ግን አይዝጉበት።

ሌላ መልስ
በራዲያተሩ እስማማለሁ፤ አጉረምርሞ አለመነሣቱ ግን ወደ ኤሌክትሪኩ ያመለክታል። «ቀጭ» የሚለው ኮምፕረሰሩን ከቃጠሎ የሚጠብቀው መቁረጫ ሳይሆን አይቀርም። ሊነሣ በሚሞክርበት ቅጽበት ቮልቴጁን ያስለኩ፤ ከ220 ወርዶ 200 እንኳ የማይሞላ ከሆነ ጥፋቱ ከመስመሩ ነው። ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ካፓሲተሩ፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ እንዲነሣ የሚያግዘው ኃይል አጠራቃሚ ዕቃ፣ ይለካ፤ ሙቀት ያደክመዋል። ኤሲዎ ኢንቨርተር (የኮምፕረሰሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ የሚቀያይር ዓይነት) ከሆነ ግን ይህ የካፓሲተር ነገር አይመለከትዎትም። ካፓሲተሩ ብሬከር ከጠፋ በኋላም ኃይል ስለሚይዝ በእጅዎ እንዳይነኩት አደራ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ኢንቨርተር አይደለም። ራዲያተሩ ታጠበ፤ የጠዋቱ ልዩነት 10 ዲግሪ ሆነ፤ ቮልቴጁም ደህና ነው። ካፓሲተሩ ላይ 35 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) ተጽፏል፣ ሲለካ ግን 27 አሳየ።

መልስ
እንግዲያው እሱ ነው። የሚገዙት ያው 35 ይሁን፤ የተጻፈበት ቮልት ከአሮጌው ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ማነስ ግን የለበትም። ባለሙያው ይህን ብቻ ይቀይር፤ የጋዝ መለኪያው በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ጥቂት ጋዝ ስለሚወጣ፣ ያለምክንያት ባይሰካው ይመረጣል።