አስቸኳይ! የካርቦን አላርሙ ዝም አልል አለኝ፤ እንዴት ነው የሚጠፋው?

ጠባሴ_ልጅ፣ ሌሊት 8፡12
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ነኝ። እህቴ ከጀርመን የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ልካልኝ ቅዳሜ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እስከ ዛሬ ሰላም ነበር። አሁን ግን ይኸው 20 ደቂቃ ሆነው፣ እየጮኸ ነው። መሀሉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስጫናት ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ይጀምራል። ልጆቹ ተነሱ። አከራዬ በር እየደበደቡ ነው። ማኑዋሉ በጀርመንኛ ነው። እንዴት ነው የሚጠፋው? ቶሎ በሉ በናታችሁ።

ብረት_በር፣ 8፡14
ባትሪውን አውጣው። አለቀ።

እንቅልፍ_አጥ፣ 8፡15
እኛ ሰፈር ዶሮ 10 ሰዓት ነው የሚጮኸው። የናንተው ከጀርመን ስለመጣ ሰዓቱን ገና አላስተካከለም ማለት ነው 😂

ሲስተር_ማ፣ 8፡16
ቆይ፣ ባትሪ እንዳታወጣ። ቤት ውስጥ ከሰል አለ? ስንት ናችሁ? ራሱን ያመመው ሰው አለ?

ጠባሴ_ልጅ፣ 8፡18
ከሰል የለም። ማታ ቡና ተፈልቶ ነበር፣ እሱም አልቋል። ጭስ የሚባል ነገር የለም። እኔ፣ ባለቤቴና 2 ልጆች ነን። ባለቤቴን ራሷን ያማታል፣ ግን ጉንፋን ይዟት ነው። ጥያቄዬ እንዴት ይጠፋል ነው።

ፊውዝ፣ 8፡19
ሶኬት ላይ የሚሰካ ነው? ከአሜሪካ የሚመጡት አንዳንዶቹ ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸው። እኛ 220 ላይ ስንሰካቸው ይቃጠላሉ። ከሆነ ንቀለው።

ጠባሴ_ልጅ፣ 8፡20
በባትሪ ነው አልኩ እኮ። ደግሞም ከጀርመን።

ፊውዝ፣ 8፡20
በባትሪ አላልክም ወንድሜ። እሺ፣ ድምፁን ቁጠርልኝ። 4 ጊዜ ቲት ቲት ቲት ቲት ብሎ፣ ትንሽ አርፎ፣ እንደገና 4 ከሆነ አየሩ ውስጥ መርዙን አግኝቷል ማለት ነው። በደቂቃ አንዴ ሁለቴ ብቻ ጭው የሚል ከሆነ ግን ባትሪው እያለቀ ነው። ስክሪን ካለው ቁጥሩንም ጻፍልኝ።

ጠባሴ_ልጅ፣ 8፡22
4 ነው። ቁጥሩ 118 ይላል። አሁን 121።

ሲስተር_ማ፣ 8፡22
ውጡ። አሁኑኑ። ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ውጡ። በሩንና መስኮቱን በርግዳችሁ ተዉት። ልብስ ስፈልግ፣ ጫማ ስፈልግ እንዳትል። ባለቤትህ ያመማት ጉንፋን ላይሆን ይችላል።

ብረት_በር፣ 8፡23
ታኅሣሥ እኮ ነው፣ ውጭው ውርጭ ነው። ልጅ ይዞ የት ይሂድ? ባትሪውን አውጥቶ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ መተኛት ነው።

ሲስተር_ማ፣ 8፡23
ውርጩን በጋቢ ትከላከለዋለህ። ይሄኛውን በምን ትከላከለዋለህ?

ታሪክ_ወዳድ፣ 8፡27
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲቆረቁሯት ብርዱ ነበረ፣ ዛሬም አለ። ሕዝቡ ኩበት አንድዶ ሲሞቅ ኖረ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ገባ፣ እንጨት እንደልብ ተገኘ። ያን ሁሉ ዘመን አላርም የሚባል ነገር አልነበረም። አያቶቻችን ምድጃ ዳር ተኝተው ልጅ አሳድገዋል። አሁን አንድ ፕላስቲክ ግድግዳ ላይ ሰቅለን በእኩለ ሌሊት እንሸበራለን። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህን ዕቃ ማመናችን ነው። ሁለተኛ፣ ከሰሉ ከምን ዛፍ እንደተከሰለ…

መንዜው፣ 8፡30
ጋሼ ይቅርታ፣ ሰውየው ቤት ውስጥ እየታፈነ ነው፣ ታሪኩን ጠዋት ይጨርሱልናል። ግን አያቶቻችን የተኙት ሣር ክዳን ውስጥ ነው። ሣሩ ያሾልካል፣ በሩም አይገጥምም ነበር። የአሁኑ ብሎኬት ነው። በር ሥር ጨርቅ ይወተፋል፣ መስኮት ላይ ላስቲክ ይለጠፋል። ያኔስ ቢሆን ስንቱ ተኝቶ ቀርቶ ቡዳ በላው፣ ቀኑ ደረሰ ተብሎ እንደተቀበረ ማን ያውቃል?

ሲስተር_ማ፣ 8፡34
ጠባሴ፣ ወጣችሁ?

ሲስተር_ማ፣ 8፡41
???

እንቅልፍ_አጥ፣ 8፡43
ዶሮ ያልኩትን ተዉት። ወንድማችን፣ አንድ ቃል ጻፍልን።

ጠባሴ_ልጅ፣ 8፡52
ወጥተናል። አከራዬ ሳሎን ነን። ባለቤቴ በር ላይ አስመለሳት፣ አሁን ትንሽ ተሽሏታል። ልጆቹ ደህና ናቸው። ውጭ ስንወጣ እኔም ጉልበቴ ከዳኝ፤ ድንጋጤ መስሎኝ ነበር።
አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከሰል የለም ያልኩት አዲስ አልተቀጣጠለም ለማለት ነው። ቡናው የተፈላበትን ፍም አመድ አልብሰን፣ አዳፍነን፣ አልጋው ግርጌ አስቀምጠነው ነበር። ለልጆቹ ብርድ ብለን። ሁሌም እንዲሁ ነው የምናደርገው። ምንም ሆነን አናውቅም።

ብረት_በር፣ 8፡53
ኧረ አንተ ሰው! «ከሰል የለም» ነበር ያልከን!

ፊውዝ፣ 8፡56
ዋናው እሱ ነው። የተዳፈነ ፍም ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፣ አየር ያንሰዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚበዛው ደግሞ እሳት አየር ሲያንሰው ነው። ጭስ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። «ጭሱ ወጥቷል፣ ፍም ሆኗል፣ ይግባ» ብለን ነው የምናስገባው አይደል? ጭሱ ቢኖር እኮ ያስለን ነበር፣ እንነቃ ነበር።
ቁጥሩ ማለት ከሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ስንቱ ይሄ ጋዝ እንደሆነ ነው። በአውሮፓው ደረጃ፣ ኢኤን 50291 በሚባለው፣ አላርሙ 50 ላይ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ታግሦ ነው የሚጮኸው። 100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ። 300 ከደረሰ በ3 ደቂቃ ውስጥ። ያንተ በ118 የጮኸው ጊዜውን ቆጥሮ ነው፤ አልተሳሳተም። ቁልፏ ድምፁን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የምታስታግሠው። አየሩ ካልጠራ ተመልሶ ይጮኻል። የተሠራው እንዲያ ነው።

ሲስተር_ማ፣ 8፡58
አሁን ስሙኝ። ያስመለሳት ሰው «ተሽሎኛል» ብላ አትተኛም። ሆስፒታል ውሰዳት፣ ልጆቹንም ጨምር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስትደርሱ «ከሰል አፍኖን ነው» በሉ። ካልተናገራችሁ ጉንፋን ነው ተብሎ ፓራሲታሞል ተሰጥቷችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ደህና ቁጥር ብታሳይም አትታለሉ፤ ኦክስጅኑን ከመርዙ አትለይም። ይሄ ጋዝ ሄሞግሎቢንን፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ንጹሕ አየር ላይ ግማሹ ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል። በኦክስጅን ጭምብል ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ናት? ከሆነች ይሄንንም ተናገር።

እማማ_ጓዳ፣ 9፡05
ትኩስ ወተት አጠጧት፣ ሎሚም አሽቷት። እኔን በ20 ዓመቴ ከሰል መትቶኝ በወተት ነው የዳንኩት።

ሲስተር_ማ፣ 9፡07
እትዬ፣ እርስዎን ያዳነዎት ወተቱን ሊያጠጡ ወደ ውጭ ያወጣዎት ሰው ነው። ደም ውስጥ የገባን ጋዝ ወተት አያወጣውም። ራሷን የሳተች ሰው ከሆነች ደግሞ ወተቱ ሳንባዋ ይገባል።

እማማ_ጓዳ፣ 9፡09
እሺ ልጄ። ቢሆንም ወተት ክፉ አይደለም።

ኮተቤ_ሰው፣ ጠዋት 1፡30
ሌሊት ተኝቼ አመለጠኝ። እኔም አላርም ገዝቼ ከሰል ምድጃ አጠገብ ሞከርኩት፣ ምንም አልጮኸም። ውሸት ነው ማለት ነው?

ፊውዝ፣ 1፡48
ጀርባው ላይ ያለውን አንብብ። የጭስ አላርም ይሆናል። መልካቸው አንድ ነው፣ ክብ ነጭ ፕላስቲክ። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያውቀውም። «ሲኦ» (CO፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ምልክት) የሚል ካልተጻፈበት የምትፈልገው እሱ አይደለም። ቴስት የምትለዋም ቁልፍ ባትሪውንና ድምፁን ነው የምትፈትሸው እንጂ አፍንጫው መሥራቱን አይደለም። ማለቂያ ዓመቱንም እይ፤ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ያገለገለ ዕቃ ከውጭ የሚላክላችሁ ልብ በሉ።

ብረት_በር፣ 2፡10
የተሰቀለበት ቦታ ነው ችግሩ። ካርቦን ከባድ ነው፣ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ታች አልጋ ሥር ነው መደረግ ያለበት።

ፊውዝ፣ 2፡15
አይደለም። ከባዱ የሲሊንደር ጋዝ ነው፣ የምግብ ማብሰያው። ይሄኛው ከአየር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ እንዲያውም ትንሽ ይቀላል። ከሞቀ አየር ጋር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ክፍሉን ይሞላል። መኝታ ክፍል ከሆነ የተኛ ሰው ራስ በሚሆንበት ከፍታ ስቀለው። እሳት ካለበት ከ1 እስከ 3 ሜትር ይራቅ። ከመጋረጃ ኋላ፣ ከመስኮት ጥግ፣ ከምድጃ በላይ አይሁን። ጠባሴ የት ነው የሰቀልከው?

(ይህን አልመለሰም።)

ሶላር_ልጅ፣ 2፡40
የኔው አንዴ ያለ ከሰል ጮኾ ነበር። ለካ መኝታ ክፍል ውስጥ የመኪና ባትሪ ቻርጅ እያደረግኩ ነው። ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን ያሳስተዋል አሉኝ። ባትሪውን አውጥቼ ቤቱን ሳናፍስ ተወ።

ፊውዝ፣ 2፡44
እውነት ነው፣ ያሳስተዋል። ግን «ባትሪው ነው» ብለህ ከመተኛትህ በፊት መጀመሪያ ውጣ። ሃይድሮጅንም ቢሆን መኝታ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?

እማማ_ጓዳ፣ 3፡00
እኛ ምድጃው አጠገብ ጣሳ ውሃ እናስቀምጣለን፣ ፍሙ ላይም ጨው እንነሰንሳለን። ይወስደዋል ይባላል።

ሲስተር_ማ፣ 3፡20
አይወስደውም እትዬ። ጋዙ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ውሃው እሳት ቢነሳ ለማጥፋት ይጠቅምዎታል፣ ያው ነው።

መንዜው፣ 3፡26
እኛ ሀገር ከደብረ ብርሃንም ይብሳል ብርዱ። መፍትሔው ባና ነው። እውነተኛ የበግ ፀጉር ባና፣ ከላይም ከታችም። ምድጃው ሞቅ አድርጎን ከመኝታ በፊት ውጭ ያድራል። ጠዋት ፍሙ ጠፍቶ እንደገና ማቀጣጠል ያናድዳል፣ አልዋሽም። እናቴ አሁንም ትቆጣለች፣ «የተዳፈነ እሳት ይጣላል እንዴ?» እያለች።

ጠባሴ_ልጅ፣ ማታ 2፡35
ሰላም ቤተሰብ። ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላት፣ ከሰዓት በኋላ ወጣን። ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥሽ። «ከሰል ነው» ስላቸው ነው የፈጠኑት።
አሁን ግን ሌላ ጉድ መጣ። ዛሬ ከሰል የሚባል አላስገባንም። ቡናውም ግቢ ነው የተፈላው። ምድጃው አሁንም ውጭ ነው፣ ቆሜ እያየሁት ነው። አላርሙ አይጮህም፣ ግን ቁጥሩ 38 ይላል። ቅድም 31 ነበር። አከራዬ «ተበላሽቷል፣ ጣለው» ይላሉ። ብርዱ አበላሽቶት ይሆን?

ብረት_በር፣ 2፡37
ባትሪውን አውጥተህ መልሰው።

ፊውዝ፣ 2፡41
ብርድም አንዳንዱን ያሳስታል፤ ከ4 ዲግሪ በታች አይሥራ የሚል አለ። ማኑዋሉ ላይ ዲግሪ የተጻፈበትን ፎቶ አንስተህ ላክ፣ ቁጥር በጀርመንኛም ቁጥር ነው። ግን እሱን በኋላ። አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ቤቱ ለብቻው ነው ወይስ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደረ ሰርቪስ?

ጠባሴ_ልጅ፣ 2፡44
ሰርቪስ ነው፣ 4 በር። ከኛ ቀጥሎ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር አሉ።

ፊውዝ፣ 2፡45
ኮርኒሱስ? ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ይደርሳል ወይስ ኮርኒሱ ላይ ይቆማል?

ጠባሴ_ልጅ፣ 2፡47
የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው። ከላይ ክፍት ነው፣ አይጥ ከኛ ወደ እነሱ ስትሮጥ ይሰማል።

ሲስተር_ማ፣ 2፡47
አይጧ ካለፈች ጋዙም ያልፋል። ልጆችህን ከክፍሉ አውጣና ሂድ አንኳኳባቸው። ተኝተዋል ብለህ እንዳትመለስ።

ታሪክ_ወዳድ፣ 2፡50
አንኳኳ ልጄ፣ አንኳኳ።

ሲስተር_ማ፣ 3፡15
ጠባሴ፣ ከፈቱልህ?

ብረት_በር፣ 3፡40
ወንድሜ?

ሰላድንጋይ_9፣ በማግስቱ ጠዋት 4፡05
ከጀርመን የሚመጣ ሰው ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። 2 ነው የምፈልገው፤ አንዱ ለእናቴ። ጠባሴ ደግሞ ስለ ጎረቤቶችህ አንድ ነገር ጻፍልን።