የድርጭት ፕሮፖዛል፦ ማን ይመዘን፣ እስከ መቼ ይመዘን?

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የጥናት ፕሮፖዛላችን ረቂቅ ደርሷችኋል። ባጭሩ፣ ድርጭቶችን በ4 ሳምንት ክብደታቸው እየመረጥን 4 ትውልድ እናራባለን፤ እድገታቸውንም በሒሳብ ሞዴል እንገልጻለን። ረቂቁ «ጎምፐርዝን እንጠቀማለን» ብሎ አልፏል፤ ጎምፐርዝ ከእድገት ሞዴሎቹ አንዱ ነው። የሚታረም ካለ እስከ አርብ ጻፉ።

አርቢዋ፦ እኔ ሞዴሉን አላውቅም፤ ድርጭቷን ግን አውቃታለሁ። ስትፈለፈል 8 ግራም ገደማ ናት። በ3 ሳምንቷ ደረቷን አይቼ እለያታለሁ፤ ወንዱ ቀላ ይላል፣ ሴቷ ነጠብጣብ አላት። ረቂቁ ሁለቱን ደባልቆ አማካይ ያወጣል። ይሄማ አይሆንም! ሴቷ ትበልጣለች። በ6 ሳምንት ገደማ እንቁላል ልትጀምር ስትል ደግሞ እንደገና ትከብዳለች።

የስታቲስቲክሱ ልጅ፦ እቴትዬ ልክ ናት፤ ወንድና ሴት ለየብቻ ይሁኑ። ሌላም አለኝ። ረቂቁ «አር ስኩዌሩ ከፍ ያለው ሞዴል ይመረጣል» ይላል፤ አር ስኩዌር ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደገጠመ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ጣሪያው 1። እንዲህ ባለ የእድገት መረጃ ላይ ሁሉም ወደ 0.99 ይጠጋል፤ በእሱ ማበላለጥ አይቻልም። ልዩነታቸው ሌላ ቦታ ነው። እድገቱ ሲፋጠን ቆይቶ መቀዝቀዝ የሚጀምርበት ነጥብ አለ። ጎምፐርዝ ይሄን ነጥብ ከመጨረሻው ክብደት 37 በመቶ ገደማ ላይ ቸንክሮታል። ሎጂስቲክ የሚባለው ሞዴል ደግሞ 50 በመቶ ላይ። ሪቻርድስ የሚባለው ሦስተኛው ሞዴል ነጥቡን ለመረጃው ይተወዋል፤ ግን 4 ቁጥር መገመት አለበት። እኛ እስከ 6 ሳምንት በየሳምንቱ ብንመዝን ለአንድ ወፍ 7 ነጥብ ብቻ ይኖረናል። አይበቃም። እስከ 4 ሳምንት በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ እስከ 10 ሳምንት አንድ አንዴ እንመዝን።

ሒሳብ ያዥ፦ 10 ሳምንት?! መኖውን ማን ሊከፍል ነው? ያልተመረጡት በ5 ሳምንት ይሸጣሉ ተባብለን አልነበር? ሁዳዴ ከገባ ደግሞ ገዢ የለም።

የእርባታ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ትልቁ ጉድ እሱ ላይ ነው። በ5 ሳምንት የምንሸጠው ቀላል ቀላሉን ነው። እስከ 10 ሳምንት የሚቆየው ከባድ ከባዱ ብቻ ይሆናል። ሞዴሉ የመጨረሻውን ክብደት ከእነዚያ ብቻ ሲያነብ፣ መንጋው ሁሉ ግዙፍ ነው ይለናል።

ለመሆኑ ሞዴል ለምን አስፈለገን? በ4 ሳምንት የከበደች ድርጭት ሁለት ዓይነት ልትሆን ትችላለች። አንዷ ቶሎ የደረሰች ናት፤ ቶሎ ትቆማለች። ሌላዋ ስታድግ ቆይታ ትልቅ የምትሆን። ሚዛኑ በዚያ ቀን ሁለቱን እኩል ያሳየናል፤ የሚለያቸው ክብደታቸው ከዕድሜያቸው ጋር የሚሄድበት የእድገት ኩርባው ነው። ኋለኛውን የኩርባውን ግማሽ ከሸጥነው ምኑን ሞዴል ሠራን?

ስለዚህ ጫጩቶቹ እንደተፈለፈሉ፣ ማንም ሳይመዝናቸው፣ ከየቤተሰቡ ጥቂቶቹን በዕጣ እንለይ። እነሱ ቀለሉም ከበዱም እስከ 10 ሳምንት ይቆዩ። የቀረው ይሸጥ።

ያልተመረጠ መንጋ ጎን ለጎን ይኑር፤ እሱ ከሌለ የመኖ መሻሻልን የዘር መሻሻል ብለን እናወራለን። በአሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ ማርክስ የተባለው ተመራማሪ በ4 ሳምንት ክብደት ለብዙ ትውልድ ሲመርጥ፣ የመኖውን ሁኔታ ራሱን የጥናቱ አካል አድርጎታል። እኛ አቅሙ የለንም፤ ቢያንስ መኖው ከትውልድ ትውልድ አይለዋወጥ። ለጫጩቶቹ 24 በመቶ ፕሮቲን ተብሎ ይጻፍ። ወንድምና እህት ደግሞ በፍጹም አይዳቀሉ። ድርጭት ይሄን አትችልም፤ የሚፈለፈለው እንቁላል በጣም ይቀንሳል።

ሒሳብ ያዥ፦ በዕጣ ጥቂቱ ብቻ ከሆነ እሺ። ቁጥሩን ስጡኝና ላስላው። ጄኔሬተርም ይጨመር፤ ባለፈው መብራት ሄዶ መፈልፈያው ውስጥ ያለው ሁሉ እንደተበላሸ አልረሳሁም።

ሰብሳቢ፦ ተስማማን ማለት ነው። «ጎምፐርዝ» የሚለው «ጎምፐርዝ፣ ሎጂስቲክና ሪቻርድስ ይነጻጸራሉ» ይባል። የሞዴሉን ክፍል ልጃችን፣ የማዳቀሉን ባለሙያዋ ይጻፉ። እትዬ፣ እርስዎ የቀረ ነገር አለዎት?

አርቢዋ፦ ሁለት። የጫጩት ሚዛን 0.1 ግራም የሚያነብ ይሁን፤ የወጥ ቤቱ አይሆንም። ሌላው የእግር ቀለበቱ ነው። ጫጩት ላይ የሚገባው ቶሎ ይጠባል፣ ትልቁ ደግሞ ይወልቃል። የሚቀየርበት ቀን ረቂቁ ላይ ይግባ፤ ሲቀየርም ሁለት ሰው ቁጥሩን ያንብብ። ቁጥሩ ከተምታታ የማን ኩርባ እንደሆነ በምን እናውቃለን?