ፔጆ 404፦ ሞተሩ ሲሞቅ የኦሊዮ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሞተር ይውረድ ተብያለሁ

የሸዋ በር ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ጀመዓ። ከአባቴ የተረከብኳት ፔጆ 404 አለችኝ፤ ቤንዚን፣ 1618 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራቶር። ሐረር ከተማ ውስጥ ስነዳት ምንም አይላትም። ጣጣው ድሬ ስወርድ ነው። የደንገጎን ቁልቁለት ጨርሼ ከተማ ገብቼ፣ ከዚራ ላይ ቆም ብዬ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጣት) ስትሆን ቀዩ የኦሊዮ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ትንሽ ነዳጅ ስሰጣት ይጠፋል። ጠዋት በብርዱ ሳስነሳት ግን መብራቱ ወዲያው ነው የሚጠፋው። ኦሊዮ አልጎደለም፤ እንዲያውም መለኪያው ላይ ከላይኛው መስመር ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ጭስ የለም። ከታች የሚያንኳኳ ድምፅ አልሰማሁም፤ ቫልቭ አካባቢ ግን ቀጭን ቲክ ቲክ አለ። ቤንዚን ደግሞ ሰሞኑን ትበላለች።

አንድ ጋራዥ አሳይቻት ነበር። ሰውዬው ኮፋኖ ከፍቶ ትንሽ አዳመጠና "ብሮንዚኑ አልቋል፣ ሞተር ይውረድ፣ ክራንኩም ቶርኖ ቤት ይግባ" አለኝ። ብሮንዚን ማለት ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚሽከረከርበት ስስ ተሸካሚ ብረት ነው፤ የለካው ነገር ግን የለም። ገንዘቡ ይቅርና የ404 ብሮንዚን ዛሬ ከየት ተፈልጎ ይገኛል? ሞተር ከማውረዴ በፊት እኔው ራሴ ላየው የምችለው ነገር ካለ ንገሩኝ።

የአወዳይ ሾፌር
አቦ፣ ምን ሞተር ያስወርድሃል! ኦሊዮውን ወፈር አድርገው። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት አንድ ሊትር ቀላቅልበት፣ መብራቱ ድርግም ሲል አታየውም። እኔ አይሱዙዬ ላይ እንዲያ አድርጌ ይኸው ጫት እያመላለስኩ ነው።

ባለ ቮልስ
መጀመሪያ መብራቱን የሚያበራውን የኦሊዮ ሴንሰር ቀይር፣ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ቮልሴ ላይ ሽቦው ተልጦ ብረት እየነካ መብራቱ ይበራ ነበር፤ ሞተሩ ምንም አልነበረውም።

ጡረተኛው መካኒክ
ልጄ፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ 404 ደግሞ በድሬም በሐረርም ብዙ አልፎብኛል። በቅደም ተከተል ላስረዳህ።

የካምቢዮ ዘይቱን ነገር እርሳው። መብራቱ ይጠፋል፣ አልዋሸህም። ዘይት ሲወፍር ግፊቱ ይጨምራል። ግን ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ያ ወፍራም ዘይት ብሮንዚኑ ጋ እስኪደርስ ይዘገያል፣ ያኔ ነው ብረት ከብረት የሚፋጨው። በሽታው እንዳለ ሆኖ ምልክቱን ብቻ ደበቅከው ማለት ነው።

ሴንሰሩ ሊበላሽ ይችላል፣ ባለ ቮልስ እውነቱን ነው። ያንተ ግን ሲሞቅ ይበራል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ይጠፋል። የተላጠ ሽቦ እንዲህ ሙቀትና ዙር አይቆጥርም። ስለዚህ ያንተ መብራት እውነት እየተናገረ ይመስለኛል።

አሁን ስለ መብራቱ ራሱ። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኦሊዮው ግፊት ከግማሽ ባር አካባቢ በታች ወረደ ወይስ አልወረደም። በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ግፊቱ 1 ባር ብቻ ቢሆን ሞተሩ እየተጎዳ ነው፣ መብራቱ ግን ጠፍቶ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ጆሮን ማመን የማይበቃው። ሴንሰሩን ፍታና በእሱ ቀዳዳ ባለ መርፌ የግፊት ጌጅ በቱቦ አስገባ። ጥርሱ ካልገጠመ በግድ አታዙረው፤ የብሎኩን ጥርስ ከበላኸው ሌላ ጣጣ ነው። ጠዋት በብርዱ አንብብ። ከዚያ ደንገጎን ወጥተህ ተመለስና ሙቁን አንብብ፤ ሚኒሞ ላይም፣ 3000 ዙር ላይም። እንዲህ ላሉ አሮጌ ሞተሮች የተለመደው ሚዛን ሞተሩ ሙቅ ሆኖ በየ1000 ዙሩ 0.7 ባር ገደማ ነው።

በብርዱም በሙቀቱም ዝቅ ካለ ነገሩ ወደ ኦሊዮ ፖምፓው ይሄዳል። የፖምፓው ጥርሶች አልቀው ይሆናል፤ ወይ የግፊት መልቀቂያው ቫልቭ ሥር ቆሻሻ ገብቶ ሳይዘጋ ቀርቷል፤ ወይ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የኦሊዮ መያዣ) ውስጥ ያለው ወንፊት ተደፍኗል። በብርዱ ጥሩ ሆኖ ሲሞቅ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ነው የሚቀርህ፦ ብሮንዚኑ ሰፍቷል፣ ወይም ዘይቱ ራሱ ቀጥኗል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ላይ። ድሬ ላይ ብቻ መታየቱ አይግረምህ፤ ሙቀቱ ነው የሚያጋልጠው።

ይሄ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ከጻፍከው ውስጥ ያሳሰበኝ እንደ ደህና ነገር የነገርከን ነው። ኦሊዮው ከላይኛው መስመር በላይ ነው አልክ። ማን ጨመረው? አሮጌ 404 ኦሊዮ ትበላለች እንጂ አትወልድም። ቤንዚንም ትበላለች ብለሃል። መለኪያውን አውጣና አሽትተው። አጠገብህ ሲጋራም ክብሪትም አይኑር። አንድ ጠብታ ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ጣልና አንድ ሰዓት ተወው። ቤንዚን ካለበት ጥቁሩ መሃል ይቀርና ዙሪያውን ሰፊ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ይሠራል። ነጣ ብሎ አረፋ ካለው ደግሞ ውሃ ነው፤ 404 እርጥብ ካናቴራ (ውጭውን ውሃ የሚነካው የሲሊንደር እጅጌ) ስላላት የታችኛው ላስቲክ ሲያረጅ ውሃ ወደ ኮፓ ይገባል። መልሱን እስክታውቅ ድረስ አታስነሳት።

የሸዋ በር ልጅ (ጠያቂ)
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ሳሸትተው ራሱን የቻለ ማደያ ነው። ወረቀቱ ላይ መሃሉ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ዙሪያው ግን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ተስፋፍቶ፣ ወደ መስኮት ከፍ ሳደርገው ጣቴ በወዲያኛው በኩል ይታያል። ጠብታውን በጣቴ ሳሸው ደግሞ ማዳለጥ የለውም፣ ውሃ ውሃ ይላል። አሁን ጥያቄዬ ቤንዚኑ በየት በኩል ነው የሚገባው? ካርቡራቶሩ ነው እንዴ እየፈሰሰ ያለው?

ጡረተኛው መካኒክ
አቦ "እርስዎ" ተወኝ፣ ድሬ ነን፣ አንተ በለኝ። ከሁለት አንዱ ነው። ቶርኖ ቤት ያለው ልጅ ከኔ በላይ ይነግርሃል፤ እኔ ዓይኔ ስለደከመ ረጅም አልጽፍም።

ቶርኖ ቤት
ልዩነቱን ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ይነግርሃል። ካርቡራቶሩ እየሞላ ከሆነ ቤንዚኑ በፒስቶኑ በኩል አልፎ ነው ኮፓ የሚደርሰው። እንዲያ ከሆነ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ፣ ጥቁር ጭስ ታያለህ፣ ሞተሩ ሙቅ ሆኖ ስታጠፋው መልሶ ለመነሳት ያስቸግርሃል። አንተ ጭስ የለም ብለሃል። ካንዴላዎቹ ቡናማና ደረቅ ከሆኑ የቤንዚን ፖምፓውን ያዝ።

ፖምፓዋ በሞተሩ ጎን ነው የታሰረችው፤ አንዷ እጇ ወደ ውስጥ ገብታ በካምሻፍቱ ትገፋለች። ውስጧ ላስቲክ አለ። ላስቲኩ ሲቀደድ ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ኮፓ ይወርዳል። ብዙዎቹ ፖምፓዎች ላይ ከላስቲኩ በታች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ላስቲኩ ሲቀደድ ቤንዚኑ በእሷ ወደ ውጭ እንዲንጠባጠብና ሰው እንዲያይ ነው። ደንገጎ አቧራና ቅባት ተጣምረው ይደፍኗታል፣ ከዚያ ማን ያያል።

ፈተናው ቀላል ነው። ሁለቱን ዳዶ ፍታና ፖምፓዋን ከሞተሩ አውጣ፣ ከታንኩ የሚመጣው የቤንዚን ቱቦ ግን እንደተያያዘ ይቆይ፤ ወደ ካርቡራቶር የሚሄደውን ብቻ ንቀል። መውጫዋን በጣትህ ደፍነህ እጇን ደጋግመህ ግፋ። በእጇ በኩል ቤንዚን ከወጣ ላስቲኩ አልቋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ የባትሪውን ገመድ አስቀድመህ ንቀል። ስትመልሳት በፖምፓዋና በብሎኩ መሃል ያለችውን ወፍራም ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በስስ ካርቶን አትተካት፤ ውፍረቷ ከተለወጠ የእጇ ምት ይለወጣል፣ ወይ ቤንዚን አትስብም ወይ እጇ ይሰበራል።

ባለ ቮልስ
የመኪና ውድድሩን ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 የበላች መኪና ለአንዲት ላስቲክ ብለው ሞተር ሊያስወርዷት! ወላሂ የቮልስ ሰው ሆኜም አንጀቴን በላችኝ።

የሸዋ በር ልጅ (ጠያቂ)
ካንዴላዎቹ ደረቅ ቡናማ ናቸው። ፖምፓዋን አውጥቼ እጇን ስገፋ ቤንዚኑ ክንዴ ላይ ነው የወረደው። ላስቲኩ ከመሃል ብረቷ ዙሪያ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ተሰንጥቋል፤ የውጭዋ ቀዳዳ ደግሞ በጭቃ ድፍን ብላለች፣ በመርፌ ነው የከፈትኳት። አዲስ የላስቲክ ኪት አስገብቼ፣ ኦሊዮና ፊልትሮ ቀይሬ፣ 20/50 ሞልቼ ጌጅ ገጠምኩ። ድሬ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሚኒሞ ላይ 1.1 ባር፣ 3000 ዙር ላይ 2.8 ባር ያነባል። መብራቱ አልበራም። ቲክ ቲኩም ቀንሷል። ይሄ በቂ ነው ወይስ ብሮንዚኑን ጭምር ላስፈትሽ?

ጡረተኛው መካኒክ
በ0.7ቱ ሂሳብ 3000 ላይ 2.1 ይበቃህ ነበር፣ ትርፍ አለህ። ሞተር አይወርድም። ግን ቀጭን ዘይት ይዛ ስትሮጥ ስለቆየች ብሮንዚኑ ጭራሽ አልተነካም አልልህም። አሁን የሞላኸውን ዘይት 500 ኪሎ ሜትር ላይ አውጣው፤ ገንዘቡ አይቆጭህ፣ በየጥጋጥጉ የቀረ ቤንዚን አለ። ስታወጣው በንጹሕ ሳፋ ተቀበልና ፀሐይ ላይ አገላብጠህ እየው። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካየህ፣ ወይ ነዳጅ ስትለቅ ከታች ኳ ኳ ካለ፣ ያኔ ኮፓውን ብቻ ፈትተን ከታች በኩል የአንዱን ቢዬላ (ፒስቶኑን ከክራንኩ የሚያገናኝ ዘንግ) ብሮንዚን እናያለን። ለእሱም ቢሆን ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ጌጁንም አትንቀለው፤ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማያያዣ) አስገብተህ ሴንሰሩንም ጌጁንም አብረህ እሰራቸው።

የአወዳይ ሾፌር
ጋሼ፣ እኔ አይሱዙዬ ውስጥ ያለውን የካምቢዮ ዘይት ታዲያ ምን ላድርገው?

ጡረተኛው መካኒክ
ዛሬ ሳትጭን በፊት አውጣው፣ ፊልትሮውንም ቀይር። መብራቱ ተመልሶ ከበራ ደግሞ የሞተሩን ዓይነትና ኪሎ ሜትሩን ጽፈህ ለብቻው ጠይቅ፤ የናፍጣ ሞተር ነገሩ ሌላ ነው።