ጨዋታ ስከፍት ድንገት የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ (ለክፍሎቹ ኃይል የሚያቀርበው ሣጥን) ይሆን?

ጤና ይስጥልኝ። ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቼ ራሴ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ከባድ ጨዋታ በከፈትኩ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ፣ ሰማያዊ ስክሪንም ሆነ ሌላ ማስጠንቀቂያ ሳያሳይ፣ ገመዱ የተነቀለ ያህል ድርግም ብሎ ይጠፋብኛል። ፊልም ሳይበት ግን ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ይሠራል።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ሙቀትን ስለነበር አቧራውን ጠርጌ፣ የፕሮሰሰሩን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ቀይሬ ብከታተልም፣ እስኪጠፋ ድረስ ፕሮሰሰሩም ሆነ ግራፊክስ ካርዱ ከ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አላለፉም። በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ላይ የማገኘው ቁጥር 41ን ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። የሰፈራችን መብራት ከፍ ዝቅ ስለሚል በስታቢላይዘርም ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም።

የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ ሳወርደው ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ቆየ። ፓወር ሰፕላዩ 550 ዋት ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዋጋው ርካሽነት ተታልዬ ያገለገለ የገዛሁት ነው። እስከ 220 ዋት የሚወስደው ካርድ ሁለቱም የኃይል መሰኪያዎቹ የተያያዙት በአንድ ገመድ ነው።

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ከመግዛቴ በፊት ካርዱን በሁለት የተለያዩ ገመዶች ማገናኘት ይበቃ ይሆን? የምዋሰው ሌላ ፓወር ሰፕላይ ስለሌለኝ፣ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዬ ወይም የማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) መሆኑን የምለይበትን መንገድ ብትጠቁሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።