ለጓሮ ኩሬ የዓሣ ወጥመድ፦ ቢገዛ ይሻላል ወይስ ቢሠራ?

ጥያቄ (ከቱላ፣ ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ዳርቻ፣ በቱላ በኩል በሚገኘው የቤተሰባችን ይዞታ ላይ ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱም እስከ 1.2 ሜትር የሚደርስ ኩሬ አለን። ወለሉና ግድግዳው በጂኦሜምብሬን (ውኃ በማያሳልፍ የፕላስቲክ ሽፋን) የተሸፈነ ሲሆን፣ ውስጡ ቆሮሶና ጥቂት አምባዛ ይገኛሉ። ኩሬውን ሳናደርቅ ለቤታችንና ለጎረቤት የሚሆን ያህል በየሳምንቱ ማውጣት እንፈልጋለን። ጎታች መረብ ለመጠቀም የሰው ኃይል የለንም፤ መንጠቆ ደግሞ ዓሣውን ስለሚያቆስል ትንሹን መልሶ ለመልቀቅ አያመችም። ስለዚህ ወጥመድ አስበናል። ተጣጣፊውን የናይሎን ወጥመድ ብንገዛ ይሻላል ወይስ በሽቦ ወይም በቀርከሃ ብናሠራ? የመግቢያው ስፋትና የሽቦው ዓይን (ቀዳዳ) ምን ያህል ይሁን? አንድ ወጥመድስ ለሁለቱም የዓሣ ዓይነቶች ይበቃል? ልምድ ያላችሁ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ (ዓሣ አርቢ፣ ሐዋሳ)

ከሁሉ አስቀድመው ወጥመዱ ምን እንዲሠራልዎ እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ በኩሬ ውስጥ ወጥመድ ማጥመጃ ብቻ ሳይሆን መምረጫም ነውና። የትኛው ዓሣ እንደሚገባ በመግቢያው ስፋት፣ የትኛው ሾልኮ እንደሚወጣ ደግሞ በሽቦው ዓይን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ገና ትንሽ ሳለ መራባት ስለሚጀምር፣ ካልተቀነሰ በቀር ኩሬው ቁጥራቸው በበዛ፣ ነገር ግን ማደግ ባቆሙ ዓሣዎች ይሞላል። ብዙ ሰው መኖው መጥፎ ነው ብሎ የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ከመኖው ሳይሆን ከተመጋቢው ብዛት ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ሁለት ወጥመድ እንዲኖርዎ ነው። የመጀመሪያው ለገበታ የሚደርሰውን ለማውጣት ሲሆን፣ የሽቦው ዓይን ሰፋ ብሎ ትንሹን ማሳለፍ አለበት። ሁለተኛው ትንሹን ለመቀነስ ስለሆነ፣ ዓይኑ ከ12 ሚሊሜትር ባይበልጥ፣ መግቢያውም ትልቁ ዓሣ እንዳይገባ ጠበብ ቢል ይመረጣል። 250 ግራም ገደማ የሚመዝን ቆሮሶ ከጀርባው እስከ ሆዱ ከ8 እስከ 9 ሳንቲሜትር ይለካል፤ ጎኑ ግን ቀጭን ነው። በዚህ ምክንያት የትልቁ ወጥመድ የውስጥ አፍ ክብ ከሚሆን ይልቅ ቁመቱ 12፣ ወርዱ 7 ሳንቲሜትር የሆነ ሞላላ ቢሆን ዓሣው ሳይጨነቅ ይገባል።

ሾጣጣው መግቢያ ወደ ውስጥ እየጠበበ ሄዶ አፉ በወጥመዱ መካከል እንዲያልቅ ያድርጉ። የተያዘ ዓሣ መውጫ የሚፈልገው ግድግዳውን እየታከከ በመዞር ስለሆነ፣ መካከል ላይ ያለውን ቀዳዳ ሳያየው ያልፋል፤ አፉ ወደ ግድግዳው ከተጠጋ ግን የገባው ሁሉ ሳይቆይ ይወጣል።

ወደ አምባዛው ስንመጣ ነገሩ ይለያል። አምባዛ በብዛት የሚንቀሳቀሰው በምሽት ሲሆን፣ ምግቡን የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በአፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ጢሞቹና በማሽተት ነው። ከዚህም በላይ ወደ ውኃው ገጽ እየወጣ አየር የሚስብ ዓሣ ነው። ስለዚህ ለእርሱ የሚቀመጠው ወጥመድ ሙሉ በሙሉ መስጠም የለበትም፤ አንድ እጅ የሚያህለው ከውኃው በላይ ይቅር። የናይሎኑን ወጥመድ ለቆሮሶ ቢገዙ አልቃወምም። አምባዛ ግን በጎንና በጎኑ ባሉት ክንፎቹ ላይ ጠንካራ እሾህ ስላለው ከክሩ ጋር ይጠላለፋል፤ እርሱን ለማላቀቅ ሲሉ ወይ መረቡን ይቆርጣሉ ወይ እጅዎን ያቆስላሉ።

መልስ (የብረታ ብረት ሠራተኛ፣ መናኸሪያ)

ወንድሜ፣ ማሠራቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ መጠኑን ራስዎ ይወስኑታልና። ለአንዱ ወጥመድ 45 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ያላቸው ሦስት ቀለበቶች ከ6 ሚሊሜትር ቶንዲኖ ብረት ያስጠቅልሉ፤ እያንዳንዱ ቀለበት ከመደራረቢያው ጋር 1.45 ሜትር ያህል ይወስዳል። ቀለበቶቹን አንድ አንድ ሜትር በሆኑ አራት ዘንጎች ያስበይዱ፤ ሁሉም ተደምሮ ከ8 ሜትር ተኩል አይበልጥም። ከዚያ በ25 ሚሊሜትር የዶሮ ቤት ሽቦ ይሸፈናል። በዚህ ሽቦ ውስጥ በጣም ትናንሾቹ ብቻ ስለሚያልፉ፣ መካከለኛውም ዓሣ እንዲያመልጥ ከፈለጉ 50 ሚሊሜትር የሆነውን ይጠይቁ። በአንዱ ጫፍ ሾጣጣውን፣ በሌላው ጫፍ ዓሣ ማውጫ በር ያድርጉለት።

አደራ የምለው ስለ ሽቦው ጫፍ ነው። የዶሮ ሽቦ ሲቆረጥ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል። ወደ ውስጥ ከታጠፈ ዓሣውን ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረውም ቦታ ላይ ጥቂት ቆይቶ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይበቅላል። ወደ ውጭ ከታጠፈ ደግሞ ጂኦሜምብሬኑን ይበሳል፤ ያን ጊዜ ከዓሣው በፊት የሚያልቀው ውኃው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጫፍ በፒንሳ ቀለበቱ ላይ ጠምዝዘው ካስተኙ በኋላ፣ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ዙሪያውን ይጠቅልሉት። የታችኛውን ክፍል በተለይ ሁለት ጊዜ ይጠቅልሉ፤ ወጥመዱ ሲጎተት ወለሉን የሚነካው እርሱ ነው።

መልስ (ከአርቤጎና፣ በሐዋሳ ነዋሪ)

ከቀደሙት ወንድሞቼ በአክብሮት እለያለሁ። ለእንዲህ ያለ በጂኦሜምብሬን ለተሸፈነ ኩሬ ቀርከሃ ከሽቦ ይልቅ የዋህ ነው። በሲዳማ ደጋ፣ በአርቤጎናና በሁላ በኩል ቀርከሃ በብዛት ስለሚገኝ፣ ቅርጫት የሚሠሩ ሰዎችን አፈላልጎ ልኩን በመንገር ማሠራት ይቻላል። ቀርከሃው ሲሰነጠቅ ለስላሳውና አንጸባራቂው የውጭ ልጣጩ ወደ ወጥመዱ ውስጥ እንዲዞር አድርገው ያዝዙ፤ ያኔ ዓሣው የሚታከከው ለስላሳውን ፊት ይሆናል። የሾጣጣው ጫፍ ላይ ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጣሪዎች ሳይታሰሩ ወደ ውስጥ ከተተዉ፣ ዓሣው ሲገባ ይለጠጡና ከገባ በኋላ መልሰው ይገጥማሉ። ይህን በሽቦ ማግኘት ያስቸግራል።

ድካሙም አለው። እርጥብ ቀርከሃ ነቀዝ ይወዳል፤ ከመሠራቱ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ውኃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ነቀዝን የሚስበው በውስጡ ያለው ስታርች ስለሚቀንስ ዕድሜው ይረዝማል። ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ክብደት ያስፈልገዋል። ሹል ድንጋይ አይጠቀሙ፤ አሸዋ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ደግሞም እንደ ደኅና ሽቦ ዓመታት አይቆይም፤ ሲበላሽ ግን ኩሬውን የሚጎዳ ዝገት አይተውም።

መልስ (አስጋሪ፣ ሐይቅ ዳር)

አንድ ነገር ብቻ ላክል። ትንሹን ለመቀነስ የሚሠራው ባለ 12 ሚሊሜትር ወጥመድ ከኩሬዎ ወጥቶ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ አደራ። በኩሬ ውስጥ የዓሣ ጫጩት መቀነስ ጥቅም ነው፤ በሐይቁ ግን የነገን ዓሣ ማጥፋት ነው። ለንግድ ማስገርም በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል።

ተጨማሪ ጥያቄ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለቆሮሶው የሽቦውን፣ ለአምባዛው የቀርከሃውን ለማሠራት ወስነናል። የቀረኝ ስለ አቀማመጡ ነው። ማታ አስቀምጦ ጠዋት ማንሳት ይቻላል? በውስጡስ ምን ይደረግ? ደግሞ በማባበያ የሚያጠምድ አንድ ጎረቤታችን ሁልጊዜ የሚይዘው በአብዛኛው ወንድ ቆሮሶ እንደሆነ ነግሮናልና ምክንያቱን ብታስረዱኝ።

መልስ (ዓሣ አርቢ፣ ሐዋሳ)

የአምባዛውን ማታ ያስቀምጡ፣ ጎሕ ሲቀድ ያንሱ። የቆሮሶውን ግን በፍጹም አያሳድሩ። በቀን ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ጥቃቅን አልጌዎች ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ደግሞ እነርሱም ዓሣዎቹም የሚጠቀሙት ያንኑ ኦክስጅን ስለሆነ፣ ሊነጋ ሲል መጠኑ ከሁሉ ያንሳል። በዚያ ሰዓት ነጻ የሆነ ቆሮሶ ወደ ውኃው ገጽ ይወጣል። በወጥመድ ታጭቆ ወለል ላይ ያለው ግን መውጫ የለውም፤ ጠዋት ሲነሣ ሞቶ ይገኛል። ፀሐይ ውኃውን ካሞቀች በኋላ፣ ረፋድ ላይ አስቀምጠው ከሰዓት በኋላ ያንሱት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ቆሮሶ ጠዋት ጠዋት አይበላም፤ በእነዚያ ወራት ትንሽ ቢያረፍዱ ይሻላል።

ለቆሮሶው ማባበያ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ በጥቂት ውኃ ታሽቶ፣ እንደ ቡጢ ተጠቅልሎ በስስ ጨርቅ ይታሰርና ከሾጣጣው አፍ ትይዩ በወጥመዱ ውስጥ ይንጠልጠል። ለአምባዛው የዶሮ አንጀት ወይም የከብት ሳንባ ይበቃል። ከሚያጠምዱበት ቀን ዋዜማ ጀምሮ መኖ ይከልክሉ፤ የጠገበ ዓሣ ወጥመድ አይገባም። ቦታውን በተመለከተ፣ አዲስ ውኃ የሚገባበትን ጥግ ይምረጡ፣ ዓሣ ወደዚያ ይሰበሰባልና። ማጥመድ ከመጀመርዎ በፊት ግን ወጥመዱን በሩ ተከፍቶ፣ መኖው በየቀኑ በዚያው ቦታና ሰዓት እየተሰጠ ለአንድ ሳምንት ያህል ይተዉት። ይህ ትዕግሥት ከማንኛውም ማባበያ ይበልጣል፤ ዓሣው ወጥመዱን እንደ ኩሬው አካል ከለመደው በኋላ በሩን የዘጉበት ቀን ሳይጠራጠር ይገባል።

የጎረቤትዎ ትዝብት ትክክል ነው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ በእነዚያ ቀናት አትበላም፤ ስለዚህ ማባበያ አይስባትም። ወንዱ በፍጥነት የሚያድግ ስለሆነም ለገበታ ወጥመድ ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ነው። ውጤቱ ግን ሊያሳስብዎ ይገባል፤ ፈጥኖ የሚያድገውን እያወጡ የምትወልደውን እየተዉ ከሄዱ፣ ኩሬው በጫጩት ይሞላል። ስለዚህ ትንሹን ወጥመድ ቸል አይበሉ። ጫጩቶቹ ከእናታቸው አፍ ሲወጡ በኩሬው ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ በመንጋ ይታያሉ፤ ያን ጊዜ እጀታ ባለው ሰፊ ወንፊት ከዳር እየጨለፉ ማውጣት ከወጥመዱም በላይ ይረዳል። የወጣውን ቀቅለው ለዶሮዎች መስጠት ይችላሉ። አምባዛውም የቆሮሶ ጫጩት ስለሚበላ ሥራውን ያግዝዎታል፤ ስለዚህ ከኩሬው ሲያወጡ ትልልቆቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጨርሱ፣ ቢያንስ ጥቂቶቹን ይተዉ። ከቆሮሶ ጋር በአንድ ወጥመድ ውስጥ ከገባም ቶሎ ይለዩት።